ሰባት ዓመት በሣጥን የቆየ ካርድ፦ ከዘጌ የመጣች እናት የሾተላይ ጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በአዋላጅ ነርስነት በምሠራበት የቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል፣ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ እስከ ወሊድና ከዚያም በኋላ የተከታተልናትን አንዲት እናት ይመለከታል። ጉዳዩን የምጽፈው ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ነው፤ ስማቸውንም ሆነ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አላነሳም።

እናትየዋ 29 ዓመቷ ነው። የመጣችው በጥር ወር መጨረሻ፣ የቡናው ለቀማ ሲያልቅ፣ ጣና ነፋስ ሳይነሳበት በሚሻገረው የማለዳ ጀልባ ከዘጌ ነበር፤ ባሏና አማቷም አብረዋት ነበሩ። ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ ምንም ሳትናገር ከጉያዋ አንድ ፌስታል አወጣችና በጥንቃቄ ፈትታ ሁለት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንደኛው የመጀመሪያ ልጇ የክትባት ካርድ ነው። ሁለተኛው ያችን ልጅ በጸነሰች ጊዜ በጤና ጣቢያ የተሰጣት የክትትል ካርድ ሲሆን፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ ወረቀቱም ወይቧል። የደም ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ኤ ኔጋቲቭ» ተብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ከዚያ በታች ያለው ሰፊ ቦታ ባዶ ነበር።

ሰባት ዓመት ያህል ያ ወረቀት ከልብሷ ጋር በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። የደረሰባት ሁሉ ምክንያቱ እዚያው በሁለት ቃል ተጽፎ ነበር።

የወሊድ ታሪኳን ስንወስድ የነገረችን ይህን ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ልጇ በጤና ጣቢያ በሰላም ተወለደች፤ ዛሬ ተማሪ ነች። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግመኛ ጸንሳ በሦስት ወሯ ደም ፈሰሳትና አስወረዳት፤ ደሙ በማግሥቱ ስለቆመ ወደ ሐኪም አልሄደችም። ሦስተኛው እርግዝና ዘጠኝ ወሩን ሞልቶ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ሲወለድ አልቅሷል፣ ጡትም ይዟል፤ ነገር ግን ገና በተወለደበት ዕለት ማታ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ቤተሰቡ የወፍ በሽታ ነው ብለው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሞቁት። በሁለተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት መጥባት አቃተው፤ ጀርባውን ወደ ኋላ እየለጠጠ በቀጭን ድምፅ ያለቅስ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። አራተኛው ከስምንት ወር በላይ ከሆነው በኋላ መንቀሳቀሱን አቆመና ሞቶ ተወለደ፤ መላ አካሉ አብጦ እንደነበር ራሷ አይታለች። ይህንን ስትናገር ዓይኗን ከካርዱ ላይ አላነሳችም።

አማትየዋ ንግግሯን እስክትጨርስ ጠብቀው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ፤ ሾተላይ አለባት። ጠበሉንም አስጠምቀናታል፣ ክታቡንም አስረናል። መጀመሪያዋን ሰጠን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ይወስዳል» አሉኝ። እኔም፣ «እማማ፣ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን በደማቸው ውስጥ ነው፤ የእሷ ብቻ ሳይሆን የልጅዎም ደም አለበት» አልኳቸው። ባልየው ቀና ብሎ አየኝ።

ይህን መልስ የሰጠሁት አዛውንቷን ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ሾተላይ የሚለው ቃል በአገራችን የተሸከመው ልምድ፣ ማለትም የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፣ ተከታዮቹ ግን በማኅፀን ወይም በተወለዱ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ፣ ሁኔታውም እየባሰ ይሄዳል የሚለው፣ ዛሬ ሕክምናው ስለ አር ኤች አለመጣጣም ከሚያስተምረው ጋር በአስገራሚ ሁኔታ ይስማማል። አያቶቻችን ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው የበሽታውን አካሄድ በትክክል አይተውታል። በየቤቱ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ እየተባሉ የተጠሩት ልጆች ብዙዎቹ ከእንዲህ ያለ ሐዘን በኋላ የተገኙ ናቸው። ስህተቱ ምክንያቱን ሴቲቱ ላይ ብቻ መጣላቸው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አር ኤች ከሚባለው የደም ምድብ ውስጥ ዲ የተባለው ምልክት በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ያለበት ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለበት ኔጋቲቭ ይባላል። ሕፃኑ ይህን ምልክት ከአንዱ ወላጅ መውረሱ ብቻ ፖዘቲቭ ያደርገዋል። ስለዚህ ኔጋቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ከሆነ አባት ስትጸንስ፣ ፅንሱ የአባቱን ምልክት ይዞ ሊያድግ ይችላል። በእርግዝና ጊዜ የእናትና የልጅ ደም በእንግዴ ልጅ ተለያይቶ የሚኖር ቢሆንም፣ በወሊድ ሰዓት፣ በውርጃ፣ በእርግዝና ወቅት በሚፈስ ደም ወይም ሆድ ላይ በሚደርስ ምት ምክንያት የልጁ ደም በጥቂቱም ቢሆን ወደ እናቲቱ ደም ይገባል። የእናቲቱ ሰውነትም ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ያን ምልክት እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ፣ ማለትም አንቲቦዲ፣ መሥራት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚሠራው ዓይነት መጠኑ ትልቅ ስለሆነ የእንግዴ ልጁን አያልፍም፤ በዚያ ላይ ተሠርቶ እስኪያልቅ የመጀመሪያው ልጅ ተወልዷል። በቀጣዩ እርግዝና ግን ሰውነቷ ያን ምልክት ስለሚያውቀው በፍጥነትና በብዛት የሚሠራው መከላከያ ትንሹ ዓይነት ነው፤ እሱ የእንግዴ ልጁን አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ፅንሱ በማኅፀን ሳለ ደም ያንሰዋል፤ ሲበረታበት ልቡ ይደክማል፣ ሰውነቱ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል። ከተወለደ ደግሞ ከፈረሰው ደም የሚወጣው ቢሊሩቢን የተባለው ቢጫ ነገር፣ ቀድሞ በእናቱ በኩል ይወገድለት የነበረው፣ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀምና ወደ አንጎሉ ይደርሳል።

ይህንን ይዘን የእናትየዋን ታሪክ መልሰን ብናነበው እያንዳንዱ ነገር ቦታውን ይይዛል። የመጀመሪያዋ ልጅ በሰላም ተወለደች፤ በወሊዷ ሰዓት ግን ደሟ ወደ እናቷ ገባ። ውርጃው በላዩ ጨመረበት። ሦስተኛው ልጅ በወፍ በሽታ ሞተ የተባለው ደሙ እየፈረሰ ነበር፤ ጀርባውን የለጠጠው ቢሊሩቢኑ አንጎሉን ስለነካው ነው። አራተኛው አብጦ የተወለደው በማኅፀን ደም አንሶት ነው።

ስለ ሦስተኛው ሕፃን ትንሽ ልቆይ፤ ዛሬም በየቤቱ የሚደገም ነገር ስለሆነ። ብዙ ጤነኛ ሕፃናት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጥቂት ቢጫ ይሆናሉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የሚታይ ቢጫነት ግን ምንጊዜም የአደጋ ምልክት ነው፤ የጠዋት ፀሐይ አይበቃውም፣ ጊዜም አይሰጥም። ያ ሕፃን በተወለደበት ማታ ወደ ሆስፒታል ቢመጣ ኖሮ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነበር። ይህን ለእናትየዋ መንገር ያስፈልግ እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን፣ ስትጠይቀን በእውነት ለመመለስ፣ ሳትጠይቀን ግን ላለማንሳት ተስማማን። በሦስተኛው ቀጠሮዋ ጠየቀችን። ነገርናት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ «እንግዲህ ይህኛውን ማታም ቢሆን አመጣዋለሁ» አለች።

በመጀመሪያው ቀን የአባትየው ደም ሲመረመር ኦ ፖዘቲቭ ሆነ። የእናትየዋ ደም እንደገና ታይቶ ኤ ኔጋቲቭ መሆኑ ተረጋገጠ። በደሟ ውስጥ መከላከያው መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ቀጥተኛ ያልሆነው የኩምብስ ምርመራም መከላከያው እንዳለ አሳየ፤ ልኩ 1 ለ 64 ነበር፤ ደሟ 64 እጥፍ ተቀጥኖም መከላከያው ይታያል ማለት ነው። በብዙ ቦታ 1 ለ 16 ወይም 1 ለ 32 ከደረሰ ፅንሱን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል ስለሚባል፣ የእሷ ከዚያ አልፏል። ከዚህ በፊት የተጎዳ ልጅ ለወለደች እናት ደግሞ ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥሩን ትተን ፅንሱን ራሱን መከታተል ጀመርን።

አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በሕዝቡ ዘንድ «የሾተላይ መርፌ» የሚባለው አንቲ ዲ፣ ለዚህች እናት ከእንግዲህ ምንም አይጠቅማትም። መርፌው የሚሠራው የእናቲቱ ሰውነት መከላከያውን ከመማሩ በፊት ነው፤ ወደ ደሟ የገባውን የልጁን ሕዋስ ሰውነቷ ሳያውቀው ቀድሞ ያስወግድላታል። አንዴ ከተማረ በኋላ የሚያስረሳው መድኃኒት የለም። ባልየው መርፌውን ገዝቶ ለማምጣት ገንዘብ ቋጥሮ መጥቶ ስለነበር ይህን ስንነግረው በጣም አዘነ፤ ገንዘቡን እንዲያስቀምጠው፣ ለሌላ ነገር እንደሚያስፈልገው ነገርነው።

ክትትሉ የተካሄደው በዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። በፅንሱ አንጎል ውስጥ ባለ አንድ የደም ሥር የሚያልፈው ደም ፍጥነቱ ይለካል፤ ደም ያነሰው ፅንስ ደሙ ቀጭን ስለሚሆንና ልቡም አጥብቆ ስለሚገፋው ፍጥነቱ ይጨምራል። ውጤቱ በዚያ የእርግዝና ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ጤነኛ ፅንሶች መካከለኛ ልክ ጋር ተነጻጽሮ ይነገራል፤ ከ1.5 እጥፍ ሲያልፍ ከባድ የደም ማነስ አለ ተብሎ ይወሰዳል። የእሷ ፅንስ በ24ኛው ሳምንት 1.1፣ በ28ኛው 1.2፣ በ31ኛው 1.35 ነበር። መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ግን በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ጀልባው ባልተገኘ ቀን በመኪና መንገድ ትመጣለች፤ አንድ ቀጠሮ እንኳ አላለፋትም። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋሱ ስለሚበረታ ጠዋት ቀድማ እንድትታይ ተራዋን እናስቀድምላት ነበር፤ ሌሎቹ እናቶችም ታሪኳን ከሰሙ በኋላ ራሳቸው «እሷ ትቅደም» ይሉ ጀመር።

በእነዚያ ሳምንታት የቤቱ ሁኔታ ቀላል አልነበረም። ዘመዶቹ ባልየውን ሌላ እንዲያገባ ከአንድም ሁለት ጊዜ መክረውታል፤ ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። የነገርኩትን እዚህ ልድገመው፤ ለብዙ ቤት ይጠቅማልና። አንተ ፖዘቲቭ የሆነች ሴት ብታገባ ልጆችህ ይኖራሉ፤ ሰውም «አየህ፣ ሾተላዩ ከእሷ ነበር» ይላል። እሷም ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ብታገባ ልጆቿ ሁሉ ኔጋቲቭ ይሆናሉ፣ ከዚህም በሽታ ይድናሉ፤ ያን ጊዜ ሾተላዩ ከአንተ ነበር ሊባል ነው። ከሁለታችሁም አይደለም፤ የሁለታችሁ ደም ተገናኝቶ የሚሆን ነገር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ምርመራ ክፍሉ አብሯት መግባት ጀመረ።

በ33ኛው ሳምንት ልኬቱ 1.6 ሆነ። በአልትራሳውንዱ በፅንሱ ሆድ ውስጥ የተቋጠረ ውኃ አልታየም፤ ገና አላበጠም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በሌላው ዓለም የሚደረገው በመርፌ በእትብቱ ሥር በኩል ለፅንሱ ደም መስጠት ነው። ይህ ሐሳብ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በኒው ዚላንድ ነበር፤ ዊልያም ሊሊ የተባለ ሐኪም በማኅፀን ላለ ፅንስ ደም በሆዱ በኩል ሰጠው። በእኛ ሆስፒታል ይህ ሕክምና አይሰጥም። ፅንሱ 33 ሳምንት ስለሞላው ወደ ሩቅ ቦታ ልኮ ቀናት ከማጥፋት ይልቅ፣ ሳንባው እንዲጠነክርለት ለእናቱ ዴክሳሜታዞን ሰጥቶ እዚሁ ማዋለድ ይሻላል ተብሎ ተወሰነ። መድኃኒቱ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ፣ በጠቅላላው 48 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። እነዚያ ሁለት ቀናት ለሌላ ነገርም አስፈለጉን።

ሕፃኑ እንደተወለደ ደሙ መቀየር ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ የሚያስፈልገን ደም ነበር። ለሕፃኑ የሚቀየረው ደም ኔጋቲቭ፣ ከተለገሰ ጥቂት ቀናት ያልበለጠው፣ ከእናቲቱም ደም ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ የእናቲቱ መከላከያ በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ ስላለ ፖዘቲቭ ደም ብንሰጠው እሱም ይፈርሳል። በአገራችን ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ጥቂት ነው። ደም ባንኩ በፈቃደኝነት የሚለግሱ የኦ ኔጋቲቭ ሰዎችን ስልክ መዝግቦ ስለሚይዝ ለሦስት ሰዎች ተደወለ፤ ሁለቱ በዚያው ቀን መጡ። አንደኛው ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነበር፤ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ደም ሰጥቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለማን እንደሚሆን አልጠየቀም።

ሕፃኑ በ33 ሳምንት ከ4 ቀን በኦፕራሲዮን ተወለደ፤ ወንድ ነው፤ ክብደቱ 1,950 ግራም። ወዲያው አለቀሰ፤ መልኩ ግን የነጣ ነበር። ከእትብቱ በተወሰደው ደም ላይ የደም ዓይነቱ ኤ ፖዘቲቭ፣ የቀይ ደሙን ልክ የሚያሳየው ሂሞግሎቢን 9.8 ግራም በዴሲ ሊትር፣ ቢሊሩቢኑ 5.6 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆነ፤ መከላከያው በሕፃኑ ሕዋሳት ላይ መለጠፉን የሚያሳየው ቀጥተኛው የኩምብስ ምርመራም መለጠፉን በጉልህ አሳየ። በዚህ ዕድሜ ሂሞግሎቢን ከ14 በታች ሲሆን አነስተኛ ነው፤ ቢሊሩቢኑም ገና ከእትብት ላይ እንዲህ ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። በሰማያዊው የብርሃን ሕክምና ሥር በዚያው ሰዓት ተኛ። በስድስተኛው ሰዓት ቢሊሩቢኑ 9.4 ደረሰ። ብርሃኑ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀና የደም ልውውጡ ተጀመረ።

የደም ልውውጥ ማለት የሕፃኑን ደም በጥቂት በጥቂቱ እያወጡ በምትኩ የሚስማማውን ደም ማስገባት ነው። በሰውነቱ ካለው ደም ሁለት እጥፍ ያህል ሲቀየር ከፈረሰውና ሊፈርስ ካለው የራሱ ሕዋስ 85 ከመቶ ገደማው ይወጣል። ለዚህ ሕፃን 320 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር። ቀጭን ቱቦ በእትብቱ የደም ሥር ገባ። ሐኪሙ በአንድ ሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ያወጣል፣ 10 ሚሊ ሊትር ያስገባል፤ አንዷ ነርስ ጮክ ብላ «አስር ወጣ፣ አስር ገባ» እያለች በወረቀት ላይ ሰዓቱንና የልብ ምቱን ትመዘግባለች። የእኔ ሥራ የደሙን ከረጢት በየጥቂት ደቂቃው ቀስ አድርጎ ማገላበጥ ነበር፤ ሕዋሳቱ ወደ ታች ከወረዱ መጨረሻ ላይ የሚገባው ደም ቀጭን ይሆናል። 32 ጊዜ ወጣ፣ 32 ጊዜ ገባ። መጀመሪያ ሲሪንጁ ውስጥ የሚወጣው ደም የሳሳ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን የሚወጣውና የሚገባው መልካቸው አንድ ሆነ። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቷል። በመሐል አንዴ የልብ ምቱ ዝቅ ስላለ ቆም ብለን ካልሲየም ሰጥተነው ቀጠልን።

ከልውውጡ በኋላ ቢሊሩቢኑ 5.1 ሆነ፤ በሥጋና በስብ ውስጥ የነበረው ወደ ደሙ ሲመለስ እንደገና ወደ 9 ከፍ አለ፣ ከዚያ በብርሃን ሕክምናው በአምስት ቀን ውስጥ ወረደ። ሁለተኛ ልውውጥ አላስፈለገም። እናትየዋ ከቁስሏ ጋር እየታገለች በየሦስት ሰዓቱ ጡቷን እያለበች ትሰጥ ነበር፤ ብርሃኑ ሲነሳም ደረቷ ላይ አድርጋ በካንጋሮ እንክብካቤ ታቅፈዋለች። በ15ኛው ቀን ወደ ቤት ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር ደጋግመን አስጠነቀቅን፤ ቢጫው ቢለቅም ነገሩ አላለቀም። የእናቲቱ መከላከያ በሕፃኑ ደም ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ደሙን ቀስ በቀስ ማፍረሱን ይቀጥላል፤ በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ቢጫ አይሆንም፤ ይነጣል፣ ጡት ሲጠባ ይደክመዋል፣ ያልበዋል።

ይህ ማስጠንቀቂያ ሠራ። በ31ኛው ቀኑ፣ ለክርስትናው ዝግጅት በተጀመረበት ሳምንት፣ ሕፃኑ ጡት ይዞ ቶሎ ቶሎ እያቋረጠ መተኛቱን አያቱ ናቸው ያስተዋሉት። አማትየዋ ራሳቸው በማግሥቱ ጠዋት በጀልባ አሳፍረው አመጡት። ሂሞግሎቢኑ 7.2 ነበር። ደም ተሰጠው፤ በሁለተኛው ቀን ሲጠባ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ በረታ። በአርባው ክርስትና ተነሣ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ደሙ እየታየ እስከ ሦስተኛ ወሩ ድረስ ተከታተልነው፤ ቢሊሩቢን የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ስለሚችል ጆሮውም ተመርምሯል፣ ደህና ነው።

አሁን ወደዚያ ካርድ ልመለስ። የደም ዓይነቷን የመረመረችውና የጻፈችው ባለሙያ ሥራዋን ሠርታለች፤ ምናልባት መርፌው በእጇ አልነበረም፣ ምናልባትም ለእናቲቱ ተናግራ በቋንቋው አልተግባቡ ይሆናል። ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አልጽፍም። የምለው፣ «ኔጋቲቭ» የሚለው ቃል የምርመራ ውጤት ሆኖ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ከሥሩ ቢያንስ ሦስት ነገር መጻፍ አለበት፤ የባልየው የደም ዓይነት፣ መከላከያው መኖር አለመኖሩ፣ መርፌው የሚሰጥበት ቀን። መርፌው በ28ኛው ሳምንት አንዴ፣ የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ዳግመኛ ይሰጣል። ከ72 ሰዓት ቢያልፍም እስከ አሥር ቀን ድረስ መስጠቱ ከምንም ይሻላል። ከውርጃ በኋላም ይሰጣል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ይህችም እናት አላወቀችም። መርፌው ፈጽሞ ካልተሰጠ፣ ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ ኔጋቲቭ እናቶች ከመቶው 16 ያህሉ መከላከያውን ይሠራሉ፤ ከወሊድ በኋላ ብቻ ሲሰጥ ወደ 1 ወይም 2 ይወርዳል፤ የ28ኛው ሳምንቱ ሲጨመርበት ከአንድም በታች ይሆናል።

መድኃኒቱ ውድ የሆነበት ምክንያትም ሊታወቅ ይገባል። አንቲ ዲ የሚዘጋጀው ከሰው ደም ነው፤ ራሳቸው ኔጋቲቭ ሆነው መከላከያው በደማቸው ካለ ለጋሾች ፕላዝማ ይወጣል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሞቶ የተወለደ ልጅ የነበራት አንዲት እናት የባሏን ደም ተሰጥታ ክፉኛ ስትታመም፣ ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች ከፅንሱ ወደ እሷ የተላለፈ አንድ ነገር ሰውነቷን እንዳስቆጣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ጽፈው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ላንድስታይነርና ዊነር የአር ኤችን ነገር ገለጹ። መርፌው ለሕዝብ የቀረበው በዚያው አቆጣጠር በ1968 ነው። ጄምስ ሃሪሰን የተባለ አውስትራሊያዊ በደሙ ውስጥ ይህ መከላከያ ስለነበር ከ1,100 ጊዜ በላይ ፕላዝማ ለግሷል። አንዲት ብልቃጥ ባሕር ዳር እስክትደርስ ድረስ በስተኋላዋ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ከዚያም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ተጠብቃ ነው የምትመጣው።

ለባልየው ገንዘቡን አስቀምጥ ያልነው ለዚህ ነበር። እናትየዋ ታናሽ እህት አላት፤ እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። የአንድ እናትና አባት ልጆች ሲሆኑ ኔጋቲቭነቱ በእህትማማቾች የመገኘቱ ዕድል ከፍ ያለ ስለሆነ እንድትመረመር ታላቋን ጠየቅናት፤ በቀጣዩ ቀጠሮ ይዛት መጣች። ታናሿ ኦ ኔጋቲቭ፣ ባሏ ፖዘቲቭ ሆነ፤ መከላከያው በደሟ ውስጥ አልነበረም። በ28ኛው ሳምንቷ መርፌው በከተማው ከሚገኝ መድኃኒት ቤት በበረዶ ሣጥን ተይዞ መጣ፤ ከፊሉን የከፈለው የእህቷ ባል ነው።

በነሐሴ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ባደረበት ቀን፣ ታናሿ በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። የሕፃኗ ደም ከእትብቷ ተወስዶ ሲታይ ፖዘቲቭ ሆነ። ሁለተኛው መርፌ በ19ኛው ሰዓት ተሰጣት፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ከደም ዓይነቷ በታች ባለው ቦታ ጻፍኩት። ታላቂቱ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ከአልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። ካርዱን ከእጄ ተቀብላ የጻፍኩትን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ከዚያ የራሷን ካርድ ሰባት ዓመት ባኖረችበት ፌስታል ውስጥ አስገባችና ለእህቷ በትራሷ ሥር አስቀመጠችላት።